የጋሽ ባልቻ የእግር ምላጮች

በዚያ ሐሙስ ጠዋት በግቢያችን ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። ማንንም ረስቼ እንዳልቀር ብዙ ጊዜ በልቤ ቆጥሬያቸዋለሁ። እኔ እናኑ ነበርሁ። የስድስት ዓመት ልጄ ትርንጎ ነበረች። ጡት ያልጣለው አየነው በጀርባዬ ታዝሎ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ታንጉት ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጭቃውን እየዘለለች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከቀበሌ ሦስት ሰዎች መጥተዋል፤ አለቃቸው ጓድ ሽባባው፣ ዱሮ ታንኳ ይቀዝፍ የነበረው ጥበቃ አያ ደጉ፣ ሌላው ስሙን የማላውቀው ባለጠመንጃ። ስምንተኛው በሰርቪስ ቤታችን የሚኖሩት ተከራይ ጋሽ ባልቻ ነበሩ። ባለቤቴ አለባቸው አልነበረም፤ ፋብሪካ የጠዋት ተረኛ ነበር።

ከስምንታችን ነገሩን የምናውቀው እኔና ትርንጎ ብቻ ነበርን።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ትውልዴ ደቅ ደሴት ነው። ለአለባቸው ተድሬ ባሕር ዳር የመጣሁት ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ነው። ከትርንጎ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በኩፍኝ ሞቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆንሁ። ውኃ ሳላፈላ ለልጆቼ አልሰጥም። ክብሪት ቁም ሳጥን አናት ላይ እሰቅላለሁ። ትርንጎን ወደ ሐይቁ ዳር ብቻዋን ሰድጃት አላውቅም። በሩን ዘግቼ ከተኛሁ በኋላ ተነሥቼ እንደገና መዝጋቴን አያለሁ። አለባቸው ይስቅብኛል። «ዶሮዋን ረሳሻት፤ እሷንም በገመድ አስረሽ አስተኚያት እንጂ!» ይለኝ ነበር። እኔ ግን በፍርሃቴ አላፍርም ነበር። እንዲያውም ልጆቼን በሕይወት ያቆየልኝ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ባልቻ የአገራችን ሰው አይደሉም፤ ወላይታ ናቸው። በከተማው ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አሻጊና መርፌ ወጊ፣ ሆነው ተመድበው መጡና ሰርቪሷን ተከራዩን። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። አንድ ያደረባቸው ነገር ግን ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚገረምበት። የእግር ምላጭና ካራ ይሰበስቡ ነበር።

የእግር የምለው እንዲህ ነው። በየሰው ቤት ለእግር ተብላ ብቻ የምትቀመጥ ስለት ነበረች። የደደረ ተረከዝ የሚፋቅባት፣ ሙጀሌ የሚወጣባት፣ ጥፍር ሥር የገባ እሾህ የሚፈለቀቅባት። ሥጋም ጎመንም አይነካባትም። ጣሪያ ሥር ትሰካለች፣ ባለቤቷ ሲሞት ትጣላለች። ጋሽ ባልቻ እንዲህ ያለችውን ያረጀች ስለት ፍለጋ በመሸንቲ ገበያ ይዞራሉ፣ በጀልባ ቁንዝላ ይወርዳሉ። አዲስ ምላጭና አንድ ሳሙና ሰጥተው አሮጌዋን ይለውጣሉ። ሰው የሚሞኙ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ከቁንዝላ ሲመለሱ አለባቸው በር ላይ ያዛቸው።

«ጋሽ ባልቻ፣ ከቁንዝላ ሰው ዓሣ ይዞ ይመጣል። እርስዎ የሰው ተረከዝ የፋቀ ብረት ይዘው ይመጣሉ?»

«ዓሣው ነገ ይሸታል፤ ይቺ አትሸትም» አሉና ከኪሳቸው አወጧት። ጫፏ እንደ ዶሮ ምላስ የቀጠነች፣ እጀታዋ የበሬ ቀንድ የሆነች ትንሽ ካራ ናት።

«የማን እግር እንደሆነ ማን ያውቃል ብለው ነው?»

«እኔ አውቃለሁ። ጠይቄ ጽፌዋለሁ።»

እውነትም ጽፈው ነበር። በእያንዳንዱ እጀታ ላይ በነጭ ክር የታሰረች፣ የሁለት ጣት ስፋት ያላት ወረቀት ነበረች። የመጣበትን ቦታ፣ የሰጠውን ሰው ስም፣ ማንን እንዳከመች ይጽፉባታል። እኔም አንድ ጊዜ ረድቻቸዋለሁ። ደቅ ውስጥ ወይዘሮ ብርቄ የምትባል የእናቴ ጎረቤት የባሏን ተረከዝ የምትፍቅባት የጥንት ካራ እንዳለቻት ነገርኋቸው። ሄደው ካራዋን አመጧት። ሲመለሱ የነበረው ደስታቸው ልጅ የተወለደለት ሰው ደስታ ነበር።

ምክንያታቸውን የነገሩኝ የትርንጎን ሙጀሌ ሲያወጡላት ነው። በሰበሰቡት ስለት ያወጡላት እንዳይመስላችሁ፤ እሱን ለሥጋ አይነኩትም ነበር። «አሮጌዎቹ ተጡረዋል፤ ሥራ የለባቸውም» ይላሉ። የሚሠሩት ከጤና ጣቢያው ባመጡት፣ በተቀቀለ መርፌ ነው። ትርንጎ እግሯን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ ልታለቅስ ስትል ወሬ ጀመሩላት።

«የኔ አባት እግር ከአንቺ ወገብ ይወፍር ነበር።»

«ውሸት!» አለች ትርንጎ፤ ማልቀሷን ረሳች።

«እውነት። ዝሆኔ ይባላል። ይሸታል። የሰፈር ሰው ማኅበር ከለከለው፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቁም አለው። አንዲት ባልቴት ብቻ በየቅዳሜው ትመጣና እግሩን አጥባ፣ በቆልማማ ካራዋ የሞተውን ቆዳ ትቀርፍለት ነበር። ዘመዳችን አይደለችም። ስትሞት ካራዋን ሰው ተጸይፎ ገደል ጣላት።» ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «የትርንጎ እናት፣ ሰው ጎራዴ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ጦር ይሰቅላል። እግር ያዳነውን ብረት የሰቀለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም አልኋቸው። ሙጀሌዋ ወጥታ ነበር፤ ትርንጎ አልተሰማትም።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በነሐሴ፣ የቤት ለቤት አሰሳ በበዛበት ወቅት ነው። ሬዲዮኑ ስለ ፀረ አብዮተኞች ሌላ ወሬ የለውም። በየሰፈሩ የሚወሰድ ሰው አለ። የሰርቪሷ ጣሪያ ያን ሰሞን ያፈስስ ጀመር። ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ባልቻ አንድ የእንጨት ሣጥን ተሸክመው መጡ።

«የትርንጎ እናት፣ እርጥበቱ ሊያዝግብኝ ነው። ጣሪያው እስኪጠገን አልጋሽ ሥር ይቀመጥልኝ? ነገ ለክትባት መሸንቲ እሄዳለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት እመለሳለሁ።»

«ይቀመጥ፤ ምን ችግር አለው» አልሁ። በልቤ ግን አልወደድሁትም። ይህን ያህል ስለት አልጋዬ ሥር!

«ልጆቹ እንዳይነኩት ቁልፉን ያዢው» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። አምነውኝ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እትዬ ታንጉት መጣች። ታንጉት ወሬ ይዛ ስትመጣ ከአጥር ጀምራ ነው የምትናገረው።

«ሰማሽ አንቺ? የዚያችን የጠላ ሻጯን ወንድም ወሰዱት እኮ!»

«ምን አድርጎ?»

«ምን ያደርጋል! ፍራሹ ውስጥ ወረቀት ተገኘ። የሰው ስም፣ ፊት ለፊቱ ቁጥር፣ ከጎኑ ሰፈር። ሰውዬው የዕቁብ ነው እያለ ይምላል። ማን ይሰማዋል?»

«ወረቀት ብቻ?»

«ወረቀት ብቻ! ጠመንጃ ቢገኝበት ይሻለው ነበር፤ ጠመንጃ ስም የለው» አለችና ፊቴን አይታ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ምን አመድ አስመሰለሽ? አንቺ ቤት የሚገኘው ወረቀት የልጆችሽ የክትባት ካርድ ነው።»

እሷ እንደሄደች በሩን ዘግቼ ሣጥኑን ከፈትሁ። ስለቶቹ ቅቤ በተቀባ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ በረድፍ ተኝተዋል። አርባ ሦስት ነበሩ። በየእጀታው ወረቀቱ አለ። ማንበብ እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ነው እንጂ። አንዱን አንሥቼ አነበብሁ። «ቁጥር 9። ደቅ። ወይዘሮ ብርቄ። የባላቸውን ተረከዝ ሠላሳ ዓመት ፍቀውባታል።» ሌላውን አነሣሁ። «ቁጥር 23። ቁንዝላ። ዓሣ አጥማጁ ይርጋ። የእናቱ ነበረች። ከማረሻ ስባሪ የተሠራች።» ሌሎች ሦስት ደግሞ አነበብሁ።

ቁጥር። ቦታ። ስም። አንባቢዎቼ፣ የታንጉት ቃል በጆሮዬ ሲጮህ ሌላውን ቃል ማየት ተሳነኝ። ተረከዝ የሚለውን አላየሁም። እናት የሚለውን አላየሁም። ቁጥርና ስም ብቻ አየሁ። የእናቴ ጎረቤት ስም አልጋዬ ሥር ካለ ዝርዝር ላይ! የመጡ እንደሆነ ደቅ ድረስ ሄደው እሷንም ይወስዷታል፣ እኔን ይወስዱኛል፣ አየነው ያለ ጡት ይቀራል። ብረቱ አላስፈራኝም። ብረት በየቤቱ አለ። የዚያ ዘመን ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ የሚያስወስደው ወረቀት ነው።

መቀስ አመጣሁ። ክሮቹን አንድ በአንድ ቆረጥሁ። ወረቀቶቹን ሰበሰብሁና ወጥ የተጣደበት ምድጃ ውስጥ ከተትኋቸው። ለጥንቃቄ ብዬ አመዱን እንኳ በእንጨት አማሰልሁት። ቀና ስል ትርንጎ በሩ ዘንድ ቆማለች።

«እማዬ፣ የጋሽ ባልቻን ወረቀት ለምን አቃጠልሽው?»

«ቆሻሻ ስለሆነ ነው። ለማንም አትንገሪ።»

ስለቶቹን መልሼ በጨርቃቸው ጠቀለልኋቸው፣ ሣጥኑን ቆለፍሁ። ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ቀለለኝ። ጋሽ ባልቻ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ፣ እንደገና ይጽፉታል፣ እሳቸው አይረሱትም ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቶ ነበር። ለአየነው ገንፎ ሳገነፋ በሩ ተንኳኳ። ጓድ ሽባባው ከፊት፣ ሁለቱ ጥበቃዎች ከኋላ። ጓድ ሽባባው ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚያልበው ሰው ነበር። ክፉ ነው ብዬ አልጽፍም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

«እንዴት አደርሽ ጓድ እናኑ። አሰሳ ነው። ቶሎ እንጨርሳለን፤ ቁርስም አልበላሁ።»

ቁም ሳጥኑን አዩ፣ እህሉን በእንጨት ወጋ ወጋ አደረጉ፣ ፍራሹን ገለበጡ። ወዲያው አያ ደጉ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ሳበው።

«ይሄስ?»

«የተከራያችን ነው» አልሁ ፈጥኜ። ማንም የማን ነው አላለኝም ነበር።

ቁልፉን ሰጠሁ። ጓድ ሽባባው ጨርቁን ገለጠው። አንዲት ቆልማማ ካራ አነሣና በአውራ ጣቱ ስለቷን ሞከራት። ጣቱ ደማ።

«ኧረ እናቴ!» አለ። «ደጉ፣ ቁጠራቸው እስኪ።»

እየቆጠሩ ሳለ የጋሽ ባልቻ ድምፅ ከግቢ ተሰማ። «ቤቶች!» አሉ፤ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኖ ገቡ። ሰዎቹን ሲያዩ አልደነገጡም። እንዲያውም ሣጥናቸው ተከፍቶ ሰው ከቦት ሲያዩ ፊታቸው በራ ማለት እችላለሁ።

«የኔ ነው ጓድ» አሉ። «የእግር ምላጮች ናቸው። የጥንት። ሰብስቤያቸው ነው።»

«የእግር?» ጓድ ሽባባው ጣቱን እየመጠጠ አያቸው። «አርባ ሦስት እግር አለህ እንዴ?»

ባለጠመንጃው ሳቀ። ጋሽ ባልቻም ሳቁ።

«እኔ ሁለት ነው ያለኝ። የሌላው ሰው እግር ነው። ደክሜበታለሁ፤ ሙዚየም ይገባል ብዬ ነው የምጠብቀው።»

«ሌላ ነው የሚመስለው። ሰው ሰብስበህ የምታድልበት ነው የሚመስለው። እኔ ይህን አይቼ እንዳላየሁ ብሄድ ነገ የበላይ አካል እኔን ነው የሚጠይቀኝ።»

አያ ደጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ ሰውዬው እግር ያክማሉ። የኔን ተረከዝ…»

«ደጉ፣ አንተ የምትመሰክረው ስለ ተረከዝህ ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ ሣጥኑ ነው። ሣጥኑን ከዚህ በፊት አይተኸዋል?»

«ኧረ አላየሁትም።»

«እንግዲያው ጠመንጃህን ያዝ።»

ጋሽ ባልቻ ያኔም አልተጨነቁም። እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ዘረጉ፤ ድምፃቸው ለትርንጎ ሲያወሩ እንደነበረው ነው።

«መጨቃጨቅ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ እጀታ ላይ ወረቀት ታስሯል። ከማን እንደመጣ፣ የማንን እግር እንዳከመ ተጽፏል። ቀኑ ሁሉ አለበት። ያንብቡት።»

«ወረቀት አለው?» የጓድ ሽባባው ትከሻ ወረደ፤ እውነት ደስ ያለው መሰለኝ። «ታዲያ እንዲህ አትልም! ወረቀቱን አሳየኝና ልሂድ። ጉዳዩ በዚያው ያልቃል።»

እናንተ ይህን ስታነቡ ተቀምጣችሁ ይሆናል። እኔ ቆሜ ነበር። ገንፎው ምድጃው ላይ እያረረ ይሸታል። አመዱ እዚያው ከድስቱ ሥር ነው።

ጋሽ ባልቻ የመጀመሪያዋን አነሡ፤ ገለበጧት። ወረቀት የላትም። ሁለተኛዋን አነሡ። ሦስተኛዋን አነሡ፤ እሷን ግን አላስቀመጧትም። እጀታዋ ላይ የቀረችውን የክር ቁራጭ በጣታቸው ዳሰሷት። ክሩ ነጭ ነበር፤ አዲስ የተቆረጠ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉና አዩኝ።

ተቆጥተው ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። እንደ ቁጣ አይደለም። አንድ በሽተኛ የት ጋ እንደሚያመው ሲፈልጉ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ።

«ወረቀቱስ?» አለ ጓድ ሽባባው።

ጋሽ ባልቻ ካራዋን እንደያዙ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ።

«ጓድ እናኑ፣ ሣጥኑ አንቺ ዘንድ ነው የነበረው፤ ቁልፉም አንቺ ጋ ነው። ወረቀት አይተሽበታል?»

አየነው በጀርባዬ ይንፈራገጣል። ትርንጎ ከጎኔ ናት፤ እጇን ይዤዋለሁ። አቃጠልሁት ብል፣ ምን ስለነበረበት አቃጠልሽው ይሉኛል። ወረቀት ያቃጠለ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ማሰብ አልቻልሁም።

«ሣጥኑን ከፍቼው አላውቅም» አልሁ።

ትርንጎ አፏን ከፈተች። «እማዬ…» አለች።

እጇን ጨመቅሁት። አጥንቷ እስኪሰማኝ ድረስ ጨመቅሁት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፏን ዘጋች።

ጓድ ሽባባው ወደ ትርንጎ ዞረ። «ምን ልትል ነው ይቺ ሕፃን?»

ጋሽ ባልቻ ነበሩ የመለሱት። «ገንፎው አረረ ልትል ነው። አይሸትህም ጓድ?» ከዚያም ሦስተኛዋን ካራ ወደ ጨርቋ መለሷት። «ይቅርታ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ወረቀቶቹን ሌላ ቦታ አስቀምጬ ረስቼ ይሆናል። እሷ አታውቅም፤ አስቀምጪልኝ ብያት ነው እንጂ።»

«ሌላ ቦታ የት?»

«አላስታውስም። በቃሌ ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ይቺ ለምሳሌ ከደቅ ናት። ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ…»

«ይህንማ አሁን ፈጥረኸው ነው። ደቅ ድረስ ታንኳ ቀዝፌ ልጠይቅልህ? እዚህ ያለ ሰው የሚያውቀው ከሆነ ይናገር።»

ወይዘሮ ብርቄ በልጅነቴ ዳቦ ትሰጠኝ ነበር። ካራዋ ያለችበትን የጠቆምሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ደቅ የተወለድሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። መሬት መሬት አየሁ።

ሣጥኑን ለአያ ደጉ አሸከሙት። ጋሽ ባልቻን መሐል አስገቧቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና «የትርንጎ እናት፣ ውኃ አልያዝኩም» አሉኝ። በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ጣሳውን ሲመልሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅቷን አትቆጪያት» አሉኝ። እትዬ ታንጉት ከደጃፉ ዘወር ብላ አሳለፈቻቸው፤ እሷ እንኳ ያን ቀን ወሬ አልነበራትም።

አለባቸው ለምሳ ሲመጣ ሁሉንም ነገርሁት። ምሳውን ገፋ አደረገው።

«ልሂድና ልንገራቸው?» አልሁ።

«ሁለት ልጅ አለሽ።»

«ሰውዬውስ?»

«ድሬሰር ናቸው፤ መንግሥት ይፈልጋቸዋል። በሁለት ቀን ይለቋቸዋል። አንቺ ብትገቢ ግን ማን ይለቅሻል?»

ይህን መስማት ፈልጌ ስለነበር አመንሁት። ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ አልነሣም አለች። ትኩሳት የለባትም፣ አላመማትም። «ጋሽ ባልቻ ሲመጡ እነሣለሁ» አለችኝ። ያኔ ስንቅ ቋጥሬ፣ አየነውን አዝዬ ወጣሁ።

ጓድ ሽባባው ከቀበሌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስንቁን ከፊቱ አስቀመጥሁ።

«ወረቀቱን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «ስም ስላለበት ፈርቼ ነው። የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። ተረከዝና ሙጀሌ ነው። ወይዘሮ ብርቄንም አውቃታለሁ፤ አምጪ ካልኸኝ በጀልባ ሄጄ አመጣታለሁ።»

ብዙ አየኝ። እኔ ጥበቃውን እስኪጠራ እጠብቃለሁ። እሱ ግን መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

«ሐሙስ ዕለት ይህን ብትይኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር» አለ። «እስቅብሽና ሄጄ ቁርሴን እበላ ነበር። አንቺን ማን ይወስድሻል? ከነጡት ልጅሽ?»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ከነሣጥኑ ዛሬ ጠዋት በመኪና ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ ለእኔም አይነግሩኝም።» ስንቁን አየና «መልሰሽ ለልጆችሽ አብያቸው፤ ሂጂ» አለኝ።

እንዲህ ነው። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ሰውዬው የታሰሩት ለሌለ ነገር ነው፤ እኔም ዝም ያልሁት ለሌለ ነገር ነው። ጤና ጣቢያው ሄድሁ፣ ዝውውር ይሆናል አሉኝ። እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዤ ስማቸውን ሳስጠራ ስንት ቀን ዋልሁ፤ የለም ይሉኛል። ሰርቪሷን አለባቸው ጣሪያዋን አስጠገናት፤ ሰው ግን ሳናከራያት ሁለት ዓመት ባዶዋን ተቀመጠች።

የተለወጠውን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ፍርሃቴን ጥንቃቄ እለው ነበር። እናትነት እለው ነበር። ዛሬም ውኃ አፈላለሁ፤ በር አያለሁ፤ ይህ ከደሜ አይወጣም። ግን አንድ ነገር ሲያስፈራኝ እጄን ወደ ሥራ ከመስደዴ በፊት ቁጭ እላለሁ። የፈራሁትን ነገር ሙሉውን አነብበዋለሁ፤ የሚያስፈራኝን ቃል ብቻ መርጬ አላወጣም። ያን ረቡዕ ተረከዝ የሚለውን ቃል ጨምሬ ባነብ ኖሮ ያ ወረቀት ጠላቴ ሳይሆን መድኃኒታችን እንደነበር አውቅ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሰውዬውን ነጻ የሚያወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እሱን ለይቼ ያቃጠልሁት እኔው ጠንቃቃዋ ነኝ።

ከዚህ የሚብሰው የትርንጎ ነው። ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥታብኝ አታውቅም። በልጅነቷ ያሰበችውን የምትናገር፣ ለፍላፊ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እስክትጠየቅ ድረስ የማትናገር ሰው ሆነች። መምህሮቿ ጨዋ ናት እያሉ ያመሰግኑልኝ ነበር። እኔ ግን ጨዋነቷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እውነት ከአፏ ሊወጣ ሲል እጇን የጨመቅሁት እኔ ነኝ። ልጆች ያሏችሁ ሁሉ፣ ልጃችሁ በሰው ፊት እማዬ ብላ ስትጀምር አስጨርሷት። የሚመጣውን አብራችሁ ተቀበሉት።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሕር ዳር ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ጠየቅሁ፤ በሰው በሰውም አስጠየቅሁ። አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ውስጥ የእስረኞችን እግር የሚያክም ወላይታ አብሮት እንደታሰረ ነገረኝ፤ ስሙን ግን አላስታወሰውም። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ከአርባ ሦስቱ ወረቀቶች አምስት ብቻ በቃሌ ቀርተውኛል። በደብተር ጽፌያቸዋለሁ፤ ሌሎቹን ግን አላነበብኋቸውም ነበር።

ሙሉ ስማቸው ባልቻ ሞሊሶ ነው። ቁመታቸው መካከለኛ፣ ቀይ ዳማ፣ ሲስቁ ከላይ አንድ ጥርስ የጎደላቸው፣ ድሬሰር ነበሩ። በሕይወት ካሉ፣ ወይም የት እንዳረፉ የሚያውቅ፣ ወይም አብሯቸው የታሰረ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።